ምስር የምታህል ጉበት

ጥቅምት 6

ጭራሮዬ፣ የወንድሜ ልጅ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤናሽም ሆድሽም ሙሉ ሆኖ ያግኝሽ። ሆድሽን የጨመርኩት ስለማውቅሽ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን የምልሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ እውነቴን ነው፤ ማለቴ፣ ከሞላ ጎደል እውነቴን ነው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትዪ። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ስልኩን ካላስጮህኩት አልሰማም፣ ካስጮህኩት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ይሰማል። የአባትሽን የእንጨት ሥራ ቤትና የኔን የልብስ ስፌት ክፍል የሚለየው አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ፊት ለፊታችን ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ፎቶ አንስታ በስልኳ ትልክልሻለች። አላነብም ብላ ምላልኛለች፤ ፊቷን እያየሁ ለማመን እየሞከርኩ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው ደውለሽ ጉበት እየሠራን ነው ያልሽው ነገር፣ ትልቅነቱ ምን ያህል ነው? እዚህ ያልሰማ የለም። ደንበኞቼ ቀሚስ ሲለኩ እንኳ ያቺ ጉበት የምትሠራው ልጅሽ እንዴት ናት ይሉኛል። እኔም ኮራ ብዬ እየሠራች ነው እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲጠይቁኝ መርፌ አፌ ውስጥ አደርጋለሁ።

አባትሽ ትንሽ ደከም ብሎታል። ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ብቻውን አነሳለሁ ብሎ ወገቡን ቀጭ ያደረገውን ነግሬሽ የለ። እሱ ተሽሎታል። አሁን ግን ምግብ ሲቀርብለት ይገፋል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ዓይኑም ቢጫ ቢጫ ይላል። የእንጨት ብናኝ ይሆናል ብለናል። እንዳታስቢ።

እና ያ ጉበት፣ ከአገር አገር ሲጓዝ መንገድ ላይ ይበላሻል እንዴ? ለማወቅ ያህል ነው።

አክስትሽ

ጥቅምት 7

እታለም፤

ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ይድረስሽ። ትናንት እንዳነበብኩት ለአባዬ ደወልኩ። ብርድ ነው አለኝ። ከዚያ ስለ አየሩ ጠየቀኝና ቻው ብሎ ዘጋው። አባዬ በራሱ አፍ ስለ አየር የሚጠይቀው ሌላ ነገር ሲሸሽ ነው።

የእንጨት ብናኝ ዓይን ያቀላል እንጂ ቢጫ አያደርግም። አፈር ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ አጥፈሽ ሳታስቀምጪ ሐኪም ቤት ውሰጂው። የዓይን ሐኪም ጋ አይደለም። ደሙ ይመርመር፤ ጉበቱ ይታይ።

ስለ ሥራዬ ላሳውቅሽ፤ እውነቱን ሳላሳንስ ሳላስበልጥ። የምሠራት ጉበት አንዲት የምስር ፍሬ ብታህል ነው። እሷንም የምታህለው ሲቀናኝ ነው። ሰውነታችን የተሠራው ህዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች ነው። የጉበት ህዋሳትን ለብቻቸው ሳህን ላይ ብታስቀምጪያቸው አይሞቱም፤ ግን ወዲያው ጠፍጠፍ ብለው ይተኙና ሥራቸውን ይረሳሉ። ጉበት መሆናቸው ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ደጋፊ የምንላቸውን ሌሎች ህዋሳት እንቀላቅልባቸዋለን፤ የደም ሥር ግድግዳ የሚሠሩትን፣ ሥጋን ከሥጋ የሚያያይዙትን። እነዚህ ራሳቸው ጉበት አይደሉም። ግን ማታ በትነሻቸው ሄደሽ ጠዋት ስትመጪ፣ ሁሉም ተጠራርተው አንድ ላይ ድቡልቡል ብለው ታገኚያቸዋለሽ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ እንደ ሞኝ ስስቅ ባልደረባዬ ደርሳብኛለች።

የኔዎቹ ግን ችግር አለባቸው። ጀማመራቸው ያምራል፣ ኋላ ይደርቃሉ፤ እንደ ቆዳ ይጠነክራሉ። ድጋፍ አንሷቸው ይሆናል ብዬ ደጋፊዎቹን እየጨመርኩላቸው ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለጠየቅሽኝ ነው። የአባዬን ውጤት ግን ሳልጠይቅሽ ንገሪኝ።

ጭራሮሽ

ኅዳር 2

ጭራሮዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። ስለዘገየሁ አትቆጪኝ፤ የሙሽራ ልብስ ተደራርቦብኝ ነበር። እሺ፣ ሙሽራ አልነበረችም። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው።

ወስጄዋለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ቀልቃላ አይደለም። ደሙን ደጋግሞ አየ። ተላላፊውን የጉበት በሽታ ፈልጎ አጣው። ጉበቱ ክፉኛ ተቆጥቷል፣ ምክንያቱ ግን አልገባኝም አለ። መጠጥ ይጠጣል ወይ አለን፤ አባትሽ ጠጪ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። መድኃኒት ይወስዳል ወይ አለን፤ ኧረ ምንም አልን። እንዲህ ከቀጠለ ጉበቱ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፣ ያኔ የሌላ ሰው ጉበት መተካት ነው፣ እሱም እዚህ የለም አለን። አባትሽ ባርኔጣውን አድርጎ ሐኪሙን አመሰገነውና ወጣ። ውጭ ቆሞ የሐኪም ቤቱን በር ማጠፊያ ሲነካካ ደረስኩበት። ይህን የገጠመው ሰው ችኩል ነው አለኝ።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ተሰብስበን መከርን፤ እኔ፣ ሾፌሩ አጎትሽ፣ ከአባትሽ ጋር ዳማ የሚጫወተው ጡረተኛው መምህር። ስለዚህ በሁላችንም ስም እጠይቅሻለሁ፤ አንዷን ላኪልን። ምስር ብትሆንም ግድ የለም። በሳህን ካደገች በሆድም ታድጋለች። እኔ ጥፍር በምታህል ቁራጭ ጨርቅ ኮት አድኜ የማውቅ ሴት ነኝ። የሚሰፋው ሐኪም እኛ እንፈልጋለን፤ አንቺ ብቻ ላኪ።

ብቻውን ትተነዋል ብለሽ ደግሞ እንዳትሰጊ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ጠዋት እኔ፣ ምሳ ላይ አጎትሽ፣ ከሰዓት መምህሩ፣ ሱቅ ስትዘጋ የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ፤ አጠገቡ ያለው ወንበር አይቀዘቅዝም። እየደገፍነው ነው፣ እንዳንቺ ህዋሳት።

አክስትሽ፣ እጇን ዘርግታ የምትለምንሽ

ኅዳር 4

እታለም፤

ጤናሽን ያብዛልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ የምጽፈውንም የምትሰሚበት ልብ ይስጥሽ።

አልችልም። ብችልማ ራሴ በእጄ ይዤያት በመጣሁ። ምስሬ የሐሞት መውጫ እንኳ የላትም፤ ከመመገቢያ ፈሳሿ አውጥቼ መንገድ ብጀምር ሳልደርስ ትሞታለች። የሰው ጉበት የሚያህል ለመሙላት እንደሷ ያሉ ስንትና ስንት ያስፈልጋሉ። እኛ የምንሠራት መድኃኒት ልንሞክርባት ነው፤ መድኃኒቱ ሰው አፍ ከመግባቱ በፊት ጉበት ይጎዳ እንደሆነ እንድትነግረን። ጉበት ሠራሁ ያልኩት ቀን ይህን ማስከተል ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ ጉበት ስነካ እውላለሁ፣ ለአባቴ የሚሆን ግን አንድም የለኝም። ትናንት ይህን አስቤ ጓንቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። የኔዎቹ ለምን እንደሚደርቁ ታወቀ። ኃላፊያችን በማይክሮስኮፕ አይታ ስንት ደጋፊ ጨመርሽ አለችኝ። ስነግራት ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አይደለም። ደጋፊዎቹ በልክ ሲሆኑ የጉበት ህዋሳቱን ይሰበስቧቸዋል፣ የሚያድጉበትን ምልክት ይሰጧቸዋል፣ ሥራቸውን ያስታውሷቸዋል። ሲበዙ ግን ሁሉም በየፊናው ይጎትታል፣ ያስራል፣ መሃል ላይ ጠባሳ የመሰለ ነገር ይፈትላል። ውስጥ ያሉት መተንፈሻ ያጣሉ። ማር ሲበዛ ይመራል የምትዪው ነው። እኔ ደግሞ በደረቁ ቁጥር ስጨምር ነበር የከረምኩት።

በዚያው ቀን ከጎኔ የምትሠራው ባልደረባዬ በራሷ ምስሮች ላይ ተራ የህመም ማስታገሻ ጠብ አደረገች፤ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የማይጠፋውን። በልኩ ስታደርገው ምንም አልሆኑም። ስታበዛው ሞቱ። ቆሜ እያየሁ ስለማይቀዘቅዘው ወንበር የጻፍሽው ትዝ አለኝ።

እናንተ ሰው ጋ ባዶ እጃችሁን አትሄዱም። አውቃችኋለሁ፣ ከእናንተው ነው የወጣሁት። ወንበሩ ላይ በየተራ የሚቀመጠው ሰው ምን ይዞ ነው የሚመጣው? አባዬ ምን እየጠጣ፣ ምን እየዋጠ ነው? ለሐኪሙ ምንም አልን ያልሽው እውነት ምንም ነው?

ጭራሮሽ

ኅዳር 9

ጭራሮዬ፤

ሰላም ይድረስሽ፤ ከቅያሜዬ ጋር። አትልክም ብዬ መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ቀጥዬ ደግሞ እኛን ልትወቅስ ነው ብዬ ተናደድኩ። ወንድሜን ስጎዳው ነበር እንዴ እያልኩ ማሽኔን ስረግጥ ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት ለአባትሽ የዕፅ ሥር ላፈላ ድስት ስጥድ እጄ ደረቀ።

አዎ፣ ሥር አፈላለት ነበር፤ ለወገቡ። ዓይኑ ቢጫ ሲል ደግሞ ያጠራዋል ብዬ አጠነከርኩለት። ለሐኪሙ ለምን አልነገርሽም ትዪኝ ይሆናል። መድኃኒት ነው ብዬ አስቤው አላውቅማ፤ እንደ ሻይ ነበር የማየው።

ድስቱን አውርጄ ሁሉንም ጠራኋቸው። ከፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ በቀር፤ እሷ ሳልጠራት ክኒኗን ይዛ ከተፍ አለች። ደብዳቤሽን አንብባዋለች ማለት ነው። ልቆጣት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የአባትሽ መላጊያ ጠረጴዛ ላይ ያላችሁን አውጡ አልኩ፤ የኔን ሥር አስቀድሜ አስቀመጥኩ። አጎትሽ ከመኪናው ወንበር ሥር አንድ ጠርሙስ ዱቄት አመጣ፤ በረጅም መንገድ ሲመለስ አንድ አዋቂ የሸጠለት ነው፣ በማንኪያ እየለካ ምሳ ላይ ያጠጣዋል። መምህሩ ከኮቱ ኪስ የወገብ ክኒን አወጣ። ሴትዮዋም የሷን ከጎኑ አደረገች። ያንዱ መያዣ ቀይ ነው፣ ያንዱ ሰማያዊ። ሁሉም የየራሱን እንጂ የሌላውን አያውቅም። ተያየን።

አባትሽ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያያል። ይህን ሁሉ ትውጥ ነበር ወይ አልኩት።

«ምን ላድርግ፣ ሰጣችሁኝ» አለ። «እምቢ ብል ይከፋችኋል።»

ይሉኝታ ሰውን ይገላል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አጎትሽ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ተነስቼ አባትሽን ከልጅነቴ ጀምሮ ተናግሬው የማላውቀውን ተናገርኩት፤ ከዚያ አንገቱን ይዤ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ እኔን ሲያባብል ዋለ። እዪው እንግዲህ፣ በሽተኛው ማን እንደሆነ ጠፋን።

ሁሉን በከረጢት አድርገን ሐኪሙ ጋ ሄድን። ሁለቱን ክኒኖች ገልብጦ አነበበ። መያዣው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ያው አንድ የህመም ማስታገሻ ነው አለን፤ እጥፍ ሲወስድ ነበር ማለት ነው። በሥሩና በዱቄቱ ላይ ራሱን ነቀነቀ። ምንም ነገር፣ ሻይ ቅጠል እንኳ ሳይጠይቁኝ እንዳትጨምሩ አለ። ጉበት ከተውት ራሱን ይጠግናል፣ ካልዘገየን፤ እናያለን አለ። ካልዘገየን ያላት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች፤ የፈለገችውን ለመስማት መቼም ደህና ናት ጆሮዬ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኛ መድኃኒቱን ደብቀን በሽታ አመጣንበት።

አክስትሽ

ኅዳር 10

እታለሜ፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ለነበራችሁ ሁሉ። ለፎቶ ኮፒዋም ጭምር፤ ይህንንም እያነበብሽ ከሆነ እግዜር ይስጥሽ በያት።

ራስሽን አትውቀሺ። እኔ ተምሬበት እንኳ በሳህን ላይ ያንኑ አድርጌያለሁ። ሁላችሁም የወደዳችሁት ሰው አንድ መሆኑ ነው ጥፋቱ። ሐኪሙ ትክክል ነው፤ ጉበት ከሰውነታችን ሁሉ የተቆረጠውን የሚመልስ እሱ ነው። ካልመለሰ ደግሞ መላ አለኝ። ጤነኛ ሰው ከጉበቱ ከፍሎ ሊሰጥ ይችላል፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም ያድጋል። ደሜን አስመርምሬያለሁ፣ ከአባዬ ጋር ይስማማል። የሠራሁት ጉበት ባይሆን የተሠራሁበት አለኝ። አሁን ለሱ እንዳትነግሪው።

ብቻ አትጥፊብኝ። መጥፎም ቢሆን ጻፊልኝ።

ጭራሮሽ

ኅዳር 29

እታለም፤

ጤና ይስጥልኝ። ስደውል አባዬ ደህና ነኝ ይላል፤ አንቺ ስልክ አታነሺም። አባዬ እየሞተም ደህና ነኝ እንደሚል አሁን አውቀናል። አንዲት መስመር ጻፊ።

ጭራሮሽ

ታኅሣሥ 3

ጭራሮዬ፣ ዓይኔ፤

ደስታሽ እንደ ደስታዬ ይሁን። ዓይኑ ነጣ!

አስቀድሜ እሱን የጻፍኩልሽ መጨረሻውን ለማየት ገጹን እንዳትገለብጪ ነው። ዓይኑ ነጭ ሆኗል፤ ያኔ ወጣት ሆኖ እናትሽን ሊያይ ሲሄድ እንደነበረው ማለት ይቻላል። ዝም ያልኩሽ ስለፈራሁ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ብዙም አልተለወጠም ነበር፤ ሁለተኛው ትንሽ ወረደ፤ ትንሽ ወረደ ብዬ ጽፌልሽ መልሶ ቢወጣስ ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ስልክ ባነሳ ደግሞ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር። ዛሬ ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ። አልዘገያችሁም፣ ጉበቱ እየዳነ ነው፣ የማንም ጉበት አያስፈልገውም አለን። ኮሪደሩ ላይ አጎትሽ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፤ ጫማዬ ወልቆ ቀረ፣ አንዲት ነርስ ናት ያቀበለችኝ። እፎይ፣ ጭራሮዬ፣ እፎይ። ጽፌው እንኳ አልጠግበውም።

ምግብ መብላት ጀምሯል። ምግብ መብላት ብቻ ሳይሆን ጨው በዛ ማለት ጀምሯል፤ ይህን ሲል ሁላችንም ዓይን ለዓይን ተያይተን ሳቅን፣ እሱ ግራ ገባው። ትናንት መላጊያውን አንስቶ አንዲት ጣውላ ላገ። ከግድግዳው ወዲያ ያን ድምፅ ስሰማ ማሽኔን አቁሜ አዳመጥኩ። ደንበኛዬ ክንዴ ይለካ እንጂ ብትለኝ ቆይ ሙዚቃ እየሰማሁ ነው አልኳት።

አሁን ችግራችን ሌላ ነው። እሱ ጋ መሄድ አልተውንም፤ ግን ምን ይዘን እንሂድ? አጎትሽ መጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጣ። ኪሱ ከተተው፣ አወጣው፣ መጨረሻ የአባትሽን መዶሻ ይዞ ተቀመጠ። መምህሩ ዳማውን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ለበሽተኛ ብሎ መሸነፉን ግን ትቷል፣ አባትሽም በዚህ ተበሳጭቷል። እኔ ጠዋት ጠዋት እሄድና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ዝም ማለት ለኔ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። እሱ ይልጋል፣ እኔ ዘርፍ እሰፋለሁ፤ አንዳንዴ ሳንነጋገር ምሳ ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ስለ ደምሽ አትንገሪው ያልሽኝን ነግሬዋለሁ። ዛሬ ከሐኪሙ ስንመለስ መኪና ውስጥ አመለጠኝ። ቤት እስክንደርስ መስኮት መስኮት ሲያይ ነበር። እንደገባን ይህን ወረቀት ስጪኝ አለኝ። በአናጢ እርሳሱ ነው የሚጽፈው፤ እየገፋ ስለሚጽፍ ወረቀቱ ቢበሳ የኔ ጥፋት አይደለም።

አክስትሽ

ልጄ፤ ጉበትሽን ለራስሽ ያዥው፣ የኔ ይበቃኛል። ዓይኔ ድኗል፣ ስትመጪ በደንብ አይሻለሁ። ምንም እንዳታመጪ። ባዶ እጅሽን ነይ። አባትሽ።

ታኅሣሥ 4

እታለም፤

ምስጋናዬ ለፈጣሪ፣ ቀጥሎም ለዚያ ቀልቃላ ላልሆነው ሐኪም፣ ቀጥሎም ለናንተ ለሁላችሁ። ደብዳቤሽን ማቀዝቀዣዎቹ የሚያጉረመርሙበት ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። አባዬ ጽፎልኝ አያውቅም ነበር። የእርሳሱን ፊደል ሳይ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ባልደረባዬ ልታነሳኝ መጥታ ፊቴን ስታይ ደስታ መሆኑ ገባት፤ እሷም አጠገቤ ዘፍ አለች። ጀርባችንን ለማቀዝቀዣው ሰጥተን ቁጭ አልን።

የኔም ምስሮች ደህና ናቸው። ደጋፊዎቹን በልክ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። አልደረቁም። ለስላሳ ናቸው፣ እያደጉ ነው፣ ጉበት የሚሠራውን ፕሮቲን ፈሳሻቸው ውስጥ አገኘንላቸው፤ ሥራቸውን አልረሱም ማለት ነው። ኃላፊያችን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከሷ ይህ ጭብጨባ ነው። እረፍት ስጠይቃት ሂጂ አለችኝ። ምስሮቼን ለባልደረባዬ አደራ ሰጥቻለሁ። ፈሳሻቸውን ለውጪላቸው፣ ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ አልኳት፤ ሦስቴ ስላልኳት እንደ አክስትሽ ሆንሽ አለችኝ። ስላንቺ ብዙ አውርቼላታለሁ።

ትኬቴን ቆርጫለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት እገባለሁ። ሻንጣዬን ስንቴ እንደከፈትኩት አልነግርሽም። ለአጎቴ ሸሚዝ፣ ለመምህሩ መነጽር መያዣ፣ ለፎቶ ኮፒዋ ሽቶ፣ ላንቺ መቀስ፤ ከትቼ አወጣለሁ፣ ከትቼ አወጣለሁ። ባዶ እጅ መምጣት እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር። የአባዬን ወረቀት እያየሁ መልሼ ሁሉንም መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው።

እሺ፣ መቀሱ አለ። ለሱ አትንገሪው።

ለአባዬ ግን ይህን አንብቢለት፤ አስጩኸሽ፣ ሰፈሩም ይስማ። እጄ ባዶ ነው፣ አባዬ። በሩን ስትከፍቱልኝ ሁለታችሁንም አንድ ላይ አቅፋለሁ።

ጭራሮሽ